ብልቃጡን ከአፉ አንብቡት

እስራኤል አገር ሐዴራ ከተማ፣ ማትናስ በሚባለው የሰፈር ማዕከል ውስጥ ለሰፈራችን ሰዎች የተናገርኩት ነው። አንዷ ልጅ በስልኳ ቀርጻ ላከችልኝና እየሰማሁ ጻፍኩት። ሳሉን፣ የወንበሩን ጩኸትና "ትንሽ ጮክ በይ" የሚለውን ትቼዋለሁ፣ ሌላው ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው።

እሺ፣ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ልጆችም፣ መጀመሪያ ይቺን እቃ ተቀባበሏት። አትፍሩ፣ ብትሰበርም ግድ የለም፣ እውነተኛዋ አይደለችም። እውነተኛዋማ ከሺ ዓመት በላይ የሆናት ናት፣ ማን ሰጥቶኝ በቦርሳዬ ይዣት እዞራለሁ። ይቺን ብርጭቆ የሚነፋ ወዳጄ በልኳ የሠራልኝ ቅጂ ናት። ቁመቷ የመሃል ጣቴን አያክልም። ከላይ አንገት አላት፣ ሆዷ አራት ማዕዘን ነው፣ ከታች ደግሞ አራት ሹል ሹል እግር። ምን ትመስላለች? ... አዎ! ልጁ አወቃት። ጥርስ። መንጋጋ። ሙዚየሞቹም ልክ እንደሱ የመንጋጋ ጥርስ ብልቃጥ ነው የሚሏት።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ፕሮፌሰር ምናምን አይደለሁም። ቁፋሮ ላይ ነው የምሠራው። ከጉድጓድ የወጣውን ስባሪ በባልዲ አጥባለሁ፣ ሸክላውን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ፣ ብርጭቆውን ለብቻ እደረድራለሁ፣ ይሄው ብዙ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን ከአፈር ውስጥ ነጭ፣ ሹል፣ ላዩ የተቦረቦረ ነገር አገኘሁና ጥርስ ነው ብዬ ከበግ አጥንቱ ጋር ደረደርኩት። ሁለት ቀን እዛው ተኛ። በሦስተኛው ቀን የብርጭቆ ባለሙያዋ መጥታ ትሪውን ስታይ ቆም አለች፣ አነሳችው፣ በጣቷ ውሃ ነካ ነካ አድርጋ ወደ መስኮቱ ስትይዘው ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ብርጭቆ ነው! የብልቃጥ እግር። ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ነገሩ አልለቀቀኝም። ጥቂት ጠብታ ለምትይዝ እቃ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ብርጭቆ እንደ ጥርስ የሚፈለፍለው ለምንድነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው። እስልምና ከተነሳ በኋላ ባሉት አራት መቶ ዓመታት፣ ከ7ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለት ነው፣ በዚህ አገር፣ በሶርያ፣ በግብፅ፣ በኢራቅና በኢራን ስለተሠሩት የሽቶ፣ የኩልና የቅባት ብልቃጦች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ያቺ ባለሙያ ያስተማረችኝ አንድ ነገር አለ። "ስባሪ ሲመጣልሽ ሆዱን ተይው፣ አፉን ፈልጊ" አለችኝ። እውነቷን ነው። አፉ ሰፊ ሆኖ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ውስጡ የነበረው የሚዛቅ ነገር ነው፣ ቅባት፣ ክሬም ነገር። አፉ ጠበብ ብሎ ከአፍ እስከ ሥር ቀጥ ያለ ቱቦ ከሆነ በትር ይገባበታል ማለት ነው፣ እሱ የኩል ነው። አንገቱ ረጅም፣ ቀዳዳው ደግሞ ክር የሚያክል ከሆነ ጠብታ እየቆጠረ የሚያወጣ ነገር ነው፣ ሽቶ ወይም ሽቶ የገባበት ዘይት። ሁሌ ይሠራል አልልም፣ ሰው የፈለገውን የፈለገው ውስጥ ይጨምራል፣ እኔ ራሴ በርበሬ የማስቀምጠው በቡና ቆርቆሮ ነው። ግን ከአስር ሰባቱን ትመቻለሽ።

አፍ ማጥበቡ ዝም ብሎ ለቁንጅና አይደለም። ሽቶ ይተናል፣ አየር የሚነካው ፊቱ በጠበበ ቁጥር ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ጨርቅ ወይም ሰም ብትወትፍበትም ጠባብ አፍ ነው አጥብቆ የሚይዝልሽ። ደግሞ ዝንብ አለ። መክብብ ላይ የሞተች ዝንብ የቀማሚውን ሽቶ ታገማለች ይል የለ? ያ ሰው የተከፈተ ሰፊ እቃ አይቶ ነው የጻፈው እላለሁ እኔ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ቤት ኤሊዔዘር የምትኖሩ እጃችሁን አውጡ። ኦሆ! በሉ ስሙ፣ በ1992 እዛ በተደረገ ቁፋሮ 17 የብርጭቆ ማቅለጫ ምድጃ ተገኝቷል። አስራ ሰባት! ምድጃ ስላችሁ ደግሞ እንደ እንጀራ ምድጃ እንዳታስቡት፣ እያንዳንዱ የሚያቀልጥበት ገንዳ 2 ሜትር በ4 ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ጊዜ 8 ቶን እና ከዚያ በላይ ብርጭቆ ያወጣል። ዘመኑ የኡመያዎች፣ የመጀመሪያው የእስልምና ሥርወ መንግሥት ነው፣ ከ7ኛው ወደ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። እዛ ምንም ብልቃጥ አልተነፋም። አሸዋና ሶዳ ቀላቅለው ለቀናት ያነዱበታል፣ ሲቀዘቅዝ ምድጃውን አፍርሰው የወጣውን ትልቅ የብርጭቆ አለት በመዶሻ ይሰባብሩታል፣ ስባሪው ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል። ነፊው ያለው ከተማ ነው፣ ከነጋዴ ጥሬ ብርጭቆ ይገዛል፣ በትንሽ ምድጃው እንደገና አቅልጦ ይነፋል። ልክ አንጥረኛ ብረቱን ራሱ እንደማይቆፍር ማለት ነው። አባቶቻችን ወናፍ ስለነፉ ይሄ ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

አሸዋው የባሕር ዳር አሸዋ ነው፣ ውስጡ የተፈጨ ቀንድ አውጣና ዛጎል ስላለ ኖራውን በነጻ ያገኙታል። ሶዳው ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ከግብፅ፣ ዋዲ ናትሩን ከሚባለው ሸለቆ፣ ደርቆ የሚቀር የሐይቅ ሶዳ። አብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ይወጣ አልነበር፣ የዛ ዘመድ በሉት። ያለ ሶዳ አሸዋ የሚቀልጠው ከ1700 ዲግሪ በላይ ነው፣ በእንጨት እሳት ማን ይደርስበታል። ሶዳው ያለሰልሰዋል፣ ወደ 1000ና 1100 ያወርደዋል። የሚገርማችሁ፣ የዚህ የኛ ሰፈር ብርጭቆ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ሶዳው ከድሮው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ናትሮኑ፣ ያ የግብፁ ሶዳ ማለት ነው፣ እየጠፋ፣ እየተወደደ ስለሄደ እየቆጠቡ ነበር። ዘይት ሲወደድ ወጥ ላይ ምን እንደምናደርግ ታውቁ የለ፣ እንደዛው። ብርጭቆው ጠንከር አለ፣ ለነፊው ቶሎ ይደርቅበታል፣ ያስቸግረዋል።

ከዛ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናትሮኑ ጨርሶ ተተወ። ምን ተተካ? አመድ። ጨው በበዛበት መሬት የሚበቅል ቁጥቋጦ አለ፣ አቃጥለው አመዱን ነው የሚጠቀሙት። አረቦቹ አመዱን አል-ቀሊ ይሉታል፣ ተማሪዎች፣ ኬሚስትሪ ላይ አልካሊ የምትሉት ቃል የመጣው ከዛ ነው። ሶርያ ራቃ፣ ኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ከ796 ጀምሮ መቀመጫው ያደረጋት ከተማ፣ የብርጭቆ ኮረብታ የሚባል ቦታ አላት፣ ይሄ ከሶዳ ወደ አመድ የተደረገው ሽግግር በደንብ የታየው እዛ ነው።

አዲስ አሠራር ሲመጣ ደግሞ መበላሸት አለ። ከዚህ በመኪና ብዙም የማይርቅ ቤት ሸዓሪም የሚባል ቦታ ዋሻ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ አለት አለ፣ 3 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ95፣ ክብደቱ 9 ቶን ገደማ። በ1956 ዋሻውን ለሙዚየም ሲያስተካክሉ ቡልዶዘር ሊገፋው ሞክሮ አቃተው፣ በቃ ይቀመጥ ተብሎ መሃል ቤት ቀረ። አለት መስሏቸው ነበር። በ1963 ነው ብርጭቆ መሆኑ የታወቀው! በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሰው አቅልጦት፣ ኖራው በዝቶበት፣ እንደ እርጎ ደፍርሶ ቀረበት። ያን ሁሉ እንጨት አንድዶ። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ሳየው ያሳዘነኝ ሰውየው ነው፣ ሚስቱ ያን ቀን ምን ብላው ይሆን እያልኩ።

አሁን እንንፋ። ብረት ቱቦ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ጫፉን ቀልጦ ማር የመሰለ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ እያሽከረከረ ያወጣል። ማሽከርከር ካቆመ ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ እጁ መቼም አያርፍም። በድንጋይ ላይ አንከባልሎ ያስተካክለዋል፣ እፍ ይላል፣ ትንሽ አረፋ ትገባለች፣ እንደገና እሳት፣ እንደገና እፍ። አንገቱን በመቆንጠጫ ጨምቆ ያስረዝመዋል። ከዛ ችግር ይመጣል፣ አፉ ገና ከቱቦው ጋር ተጣብቋል፣ አፉን እንዴት ያስተካክለው? ሌላ ድፍን ብረት ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ የቀለጠ ብርጭቆ ይዞ ይመጣና ከታች ቂጡ ላይ ይለጥፋል፣ ከላይ ከቱቦው ጠብ አድርጎ ይሰብረዋል፣ አሁን በቂጡ ይዞት አፉን እሳት ላይ ያለሰልሳል፣ ወደ ውጭ ወይ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ሲጨርስ ዘንጉን ሰብሮ ይለየዋል። የተሰበረበት ጠባሳ እዛው ይቀራል። ሙዚየም ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ ከታች እዩ፣ እንደ እምብርት ሻካራ ክብ ነገር አለ። እኔ እምብርት ነው የምለው፣ ባለሙያዎቹ ሌላ ስም አላቸው። መጨረሻ ላይ ሞቅ ያለ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይቀመጣል፣ ካልሆነ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ትንሿ ብልቃጥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ደቂቃዎች ናት የምትወስደው። ለዚህ ነው የረከሰችው።

ከመንፋት በፊትማ የሽቶ ብልቃጥ የባለጸጎች ነበር፣ በሸክላ ቅርጽ ዙሪያ የቀለጠ ብርጭቆ እየጠመጠሙ፣ በኋላ ሸክላውን እየፈለፈሉ እያወጡ ነበር የሚሠሩት፣ ቀን ሙሉ። መንፋት የተገኘው እዚሁ አካባቢ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ስባሪዎች አንዱ ክምር የተገኘው ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ የአይሁድ ሰፈር ውስጥ ነው። እስልምና ሲመጣ ታዲያ ነፊዎቹ ስድስት ሰባት መቶ ዓመት ሙያ ይዘው ነው የጠበቁት። ገዢ ተቀየረ፣ እጅ አልተቀየረም። የ7ኛውን ክፍለ ዘመን ስባሪ ስታዪ ከእስልምና በፊት የገዙት የቢዛንታይኖቹ ነው የኡመያዎቹ ነው ብለሽ መለየት የሚከብደው ለዛ ነው።

ከዛ ሰሞን በጣም የምወዳት አንድ ዓይነት አለች። የብርጭቆ እንስሳ ናት፣ አህያ ትሁን ግመል ሁሌ አይለይም፣ አራት እግሯን ተክላ ቆማ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ብልቃጥ ተሸክማለች፣ ብልቃጧን ደግሞ ዙሪያዋን በቀጭን የብርጭቆ ክር እንደ ጎጆ አጥረዋታል። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን የሶርያ ሥራ ነው የሚሉት። ምን ይጠቅማል? ምንም! ለማጠብ አይመች፣ ለመቅዳት አይመች። እኔ ነፊው ጉራውን የነፋባት ይመስለኛል። ጎንደር ወለቃ እናቶቻችን ማሰሮውን ሠርተው ሲያበቁ በቀረችው ጭቃ ትንሽ ወፍና አንበሳ ያበጁ አልነበር?

ወደ መንጋጋዋ እንመለስ። የት ደረሰች? እሺ እዛ ናት። ይቺ ከ9ኛውና ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ናት፣ ከኡመያዎች በኋላ የመጡት የአባሲዶች ጊዜ፣ ዋና ከተማው ባግዳድ ከዛም ሳማራ የነበረበት። እሷ መነፋት ብቻ አይደለችም። መጀመሪያ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ብልቃጥ ይነፋሉ፣ ከበረደ በኋላ ድንጋይ ቆራጭ ይረከበዋል፣ የሚሽከረከር ጎማ ላይ ሻካራ ዱቄትና ውሃ እያደረገ ይሞርደዋል፣ አንገቱን ስድስት ስምንት ገጽ ያወጣለታል፣ ታችኛውን በአራት ሹል እግር ይከፍለዋል። አንድ ስህተት፣ ጠብ፣ አለቀ። የዕንቁ ቆራጭ ሥራ ነው በብርጭቆ ላይ።

አሁን ደግሞ ወደ ውስጥ እዩ። እኔ ይቺን ቅጂ በመርፌ ሲሪንጅ ውሃ ሞልቻት ነበር፣ 3 ሚሊሊትር እንኳን አልያዘችም። ግድግዳው ነው የበዛው! ከውጭ ስታዪ ትልቅ፣ ከውስጥ ቀዳዳዋ የክብሪት እንጨት ወፈር ቢል ነው። መጀመሪያ የነጋዴ ተንኮል ነው ብዬ ነበር፣ ኤርፖርት ዱቲ ፍሪ ላይ ታችው አራት ጣት ብርጭቆ የሆነ ሽቶ እንደሚሸጡልን ማለቴ ነው። አሁን ግን እንደዛ አላስብም። ውስጥ የሚገባው ራሱ ጠብታው ከብልቃጧ የሚወደድ ነገር ነበር።

ምን ነበር ካላችሁ፣ ለምሳሌ ጋሊያ የሚባል ሽቶ አለ። ሚስክ፣ አምበር፣ ባን ከሚባል ዛፍ ፍሬ የወጣ ዘይት፣ እነዚህን ቀምመው ነው። ሚስኩ ከማዕከላዊ እስያ ከአጋዘን ዓይነት እንስሳ ይመጣል፣ አምበሩ ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ ተፈጥሮ ባሕር የሚተፋው ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-ኪንዲ የሚባለው የባግዳድ ፈላስፋ ስሙ የሰፈረበት የሽቶ ቅመማ መጽሐፍ አለ፣ እዛ ውስጥ ጋሊያ አሠራሩ አለ። ስሙ ደግሞ ከየት መጣ ሲባል እንዲህ ይተረካል፣ ለሙዓዊያ፣ ለመጀመሪያው የኡመያ ኸሊፋ ማለት ነው፣ አንድ ባለጸጋ በብልቃጥ ስጦታ አመጣለት፣ ስንት ፈጀብህ ቢለው የገንዘቡን ብዛት ነገረው፣ "ይሄማ ጋሊያ ነው!" አለ፣ ውድ ነው ማለቱ ነው። ስሙ ጸና። እውነት ይሁን ተረት ለኔ ግድ የለኝም፣ ግን ሽቶው የመጣው በብልቃጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ብርጭቆ የተመረጠውም ሽታ ስለማይጠጣ ነው። ሸክላ ይጠጣል፣ እንጨት ይጠጣል፣ መዳብ ከዘይቱ ጋር ተጣልቶ ይለውጠዋል። ብርጭቆ ዝም ይላል። የኛ አገር ዝባድ፣ የጥሪኝ፣ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ነበር ወደ ውጭ የሚወጣው፣ ዝባድ ወፍራም ቅባት ስለሆነ ቀንድ ይችለዋል። ጠብታ ሽቶ ግን ቀንድ ውስጥ አይሆንም።

ቀንድ ካልኩ ኩል ልናገር። አያቴ ኩሏን በትንሽ ቀንድ ነበር የምታስቀምጠው፣ አፏን በጨርቅ ወትፋ። እዚህ አገር መጥቼ ዕብራይስጥ ስማር ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ የኢዮብ ሦስተኛ ሴት ልጅ ስም፣ ቄሬን ሀፑክ። ቄሬን ቀንድ፣ ፑክ ኩል። የኩል ቀንድ! የአያቴን እቃ ስም ነው ልጁን ያወጣላት። ኤልዛቤልም ዓይኗን ተኳለች ይላል መጽሐፉ፣ ለክፉ ቀኗም ሳትኳል አልወጣችም። ኩል ደግሞ በአማርኛ ኩል፣ በአረብኛ ኩሕል፣ ያው ነው። አልኮል የሚለው ቃልም ከሱ ነው የመጣው፣ አል-ኩሕል መጀመሪያ የላመ ዱቄት ማለት ነበር፣ በኋላ አውሮፓ ሄዶ መጠጥ ሆነ፣ የሰከረ ቃል በሉት።

የኩል ብልቃጥ የድሮዎቹ፣ ከእስልምና በፊት በነበሩት ክፍለ ዘመናት፣ ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን የተጣበቀ ነበር፣ ከላይ እንደ ቅርጫት መያዣ አለው፣ አንዳንዱ ውስጥ የነሐስ መኳያው እንዳለ ተገኝቷል። በእስልምና ዘመን እየቆየ ነጠላ ሆነ፣ ጠበብ ያለ ረዘም ያለ፣ አንዳንዱ ክብ አንዳንዱ አራት ማዕዘን። መኳያውም የነሐስ ወይም የአጥንት ነው፣ ጫፉ ወፈር ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን እንዳይወጋ። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች እንዳይባል።

ወንዶች አትሳቁ፣ ኩል የሴት ብቻ አልነበረም። ነቢዩ ሙሐመድ ማታ ማታ ይኳሉ እንደነበር፣ ኢስሚድ የሚባለውንም ኩል እንደመከሩ በሐዲስ ይነገራል። በሕክምናውም የዓይን ሐኪም በአረብኛ ስሙ ከሓል ነው፣ ኩል አድራጊ ማለት ነው። ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ በ873 የሞተው የባግዳድ ሐኪም ስለ ዓይን አስር ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፏል። ስለዚህ እኔ ጠባብ ቱቦ አግኝቼ የሴት መኳያ ነው ስል የአንድ ሽማግሌ የዓይን መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ አፉ ይሄን አይነግረኝም።

የሮዝ ውሃ መርጫዎቹን ዛሬ እዘላቸዋለሁ፣ ያማሩት በኋላ ነው የመጡት፣ ጊዜውም የለንም።

አንድ ነገር ግን፣ ሙዚየም ሄዳችሁ ብልቃጦቹ ላይ ወርቃማ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ርግብ አንገት የሚለዋወጥ ቀለም ካያችሁ "እንዴት አሳምረውታል" እንዳትሉ። ያ በሽታ ነው። አፈር ውስጥ እርጥበቱ ሶዳውን እየመጠጠ ያወጣዋል፣ የብርጭቆው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ቅጠል በስስ በስሱ ይላላል፣ ብርሃን በቅጠሎቹ መሃል ሲያልፍ ያንን ቀለም ያመጣል። በጣት ከነካሽው ይረግፋል። እኔ ባልዲ ላይ ስንቱን አርግፌያለሁ ሳላውቅ፣ አሁን ሳስበው እጄን ያሳክከኛል። እውነተኛ ቀለሙ ከሥር ነው ያለው፣ አሸዋው ውስጥ ካለ ብረት የመጣ አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ሲበዛበት ወይን ጠጅ፣ ኮባልት ሲገባበት ሰማያዊ። ኢራን ኒሻፑር ውስጥ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ1935 ጀምሮ ሲቆፍር ከትንንሾቹ የመዋቢያ ብልቃጦችም ብዙ አግኝቷል።

አሁን የሚያስደስተኝ ቦታ ደረስኩ። ብልቃጥ በአረብኛ ቃሩራ ነው፣ ሲበዛ ቀዋሪር። ነቢዩ በአንድ ጉዞ ላይ አንጀሻ የሚባል ጥቁር አገልጋይ፣ ሐበሻ ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፣ ለግመሎቹ እየዘፈነ ሴቶቹን ተሸክመው የሚሄዱትን ሲያፈጥናቸው፣ "ቀስ አንጀሻ፣ ለቀዋሪሮቹ ቀስ በል" ብለውታል ይባላል፣ ሴቶቹን ማለታቸው ነው። ያገራችን ሰው ድምፁ አምሮ ግመል ሲያስደንስ ይታያችሁ። እንደገና ይሄው ቀዋሪር የሚለው ቃል ቁርአን ውስጥ ንግሥተ ሳባ ጋር ይመጣል፣ የሰሎሞን ቤተ መንግሥት ወለሉ ብርጭቆ ነው፣ ውሃ መስሏት ልብሷን ሰበሰበች። በአይሁድ ትውፊትም በአስቴር መጽሐፍ ሁለተኛው ታርጉም፣ ማለት የአራማይክ ትርጉሙ ላይ ይሄ ታሪክ አለ። የኛ አገር ሴት የምትነሳባቸው ሁለት ተረት ላይ ብርጭቆ አለ ማለት ነው፣ እኔ ሆን ብዬ ነው የማወራችሁ።

በእውኑ ዓለምም ብርጭቆ አገራችን ኢትዮጵያ ደርሷል። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ፣ ድንጋዩ ትልልቅ ስለሆነ ግዙፎች የሠሯት ከተማ ናት ሲሏት የኖረችው፣ ከ2015 ጀምሮ ቲሞቲ ኢንሶል የሚባል አርኪዮሎጂስት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲቆፍር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኝቷል፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ እቃ፣ የብርጭቆ ዕቃ ስባሪና ዶቃም። ከዛም ሺ ዓመት ቀደም ብሎ ወደ አዱሊስ ወደብ ብርጭቆ ይገባ እንደነበር የ1ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ መርከበኞች መመሪያ ጽፎታል።

እሺ ጥያቄ።

አንዷ ወጣት፣ "ታዲያ የድሮው ኩል ደህና ነው? እናቴ ለልጄ ካልኳልኩ ትለኛለች" አለችኝ። ይሄን በቀልድ አልመልሰውም። ብዙው ባህላዊ ኩል የሚፈጨው ጋሌና ከሚባል ድንጋይ ነው፣ እሱ የእርሳስ ማዕድን ነው፣ እርሳስ ደግሞ ለሕፃን አንጎል መርዝ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም። እናትሽን አክብሪ፣ ሕፃኗን ግን አትኳያት።

አንድ አባት፣ "ከነፊዎቹ ውስጥ አይሁድ ነበሩ ወይ?" አሉኝ። ነበሩ አባ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቱዴላው ቢንያሚን የሚባል አይሁዳዊ ተጓዥ በጢሮስ ሲያልፍ አይሁድ ብርጭቆ ሠሪዎችን አግኝቶ ጽፏል፣ ጌኒዛ በሚባሉት፣ ካይሮ ምኩራብ ውስጥ በተገኙት የድሮ ወረቀቶች ውስጥም ብርጭቆ ሠሪዎች በሽርክና ሲሠሩ ይታያሉ።

አንዲት እናት ደግሞ፣ "ሽቶው ሲያልቅ፣ ሲሰበርስ ምን ያደርጉታል?" አሉ። እማማ፣ ምርጥ ጥያቄ። አይጣልም። በ1025 ገደማ ከሶርያ የባሕር ዳር ተነስታ የሄደች መርከብ በቱርክ ዳርቻ፣ ሰርቼ ሊማኒ በሚባል ቦታ ሰጠመች፣ ጆርጅ ባስ የሚባል ሰው ከ1977 እስከ 1979 ከባሕር አወጣት። 3 ቶን ብርጭቆ ጭና ነበር፣ 2 ቶኑ ጥሬ፣ 1 ቶኑ የተሰበረ እቃና ከየምድጃው የተለቀመ ትርፍራፊ። ለማቅለጥ ነው የሚሄደው፣ "ቆርቆሮ ያለሽ" እያለ እንደሚዞረው ሰው ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሆነ ስባሪ አንድ በአንድ ለይተው ገጣጥመዋል፣ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፣ አሁን ቦድሩም ሙዚየም ውስጥ ተደርድሮ አለ። የመንጋጋ ብልቃጥም አብሮ ነበር። እኔ የበግ አጥንት ውስጥ የከተትኩት ዓይነት።

ይሄን ስናገር ቅጂዋ ዞራ ዞራ የጠየቁኝ እናት እጅ ገብታ ነበር። ከቦርሳቸው የኩል እንጨታቸውን አወጡ፣ አፏ ላይ ለኩት፣ ገፉት፣ አልገባም። አዙረው በቀጭኑ ጫፍ ሞከሩ፣ አልገባም። "ይቺስ የኩል አይደለችም" ብለው ለጎረቤታቸው አቀበሏት።